ገጠር ገብተን ኢንተርኔት ከሰማይ ያመጣንበት ታሪክ

ስራዬ አስተርጓሚነት ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ታካሚዋ በአማርኛ ትመልሳለች፣ እኔ መሀል ገብቼ በስልክ ወይም በቪዲዮ አግባባቸዋለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይሄ ስራ ሞልቷል። ከቤት ሆኖም ይሰራል። ስለዚህ በ2019 ከአሌክሳንድሪያ ወጥተን ቨርጂኒያ ገጠር፣ ማዲሰን ካውንቲ ስንገባ ስለ እንጀራዬ ብዙም አላሰብኩም ነበር።

ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍየል ማርባት ይመኝ ነበር። ብሉ ሪጅ ተራራ ስር ትንሽ መሬትና አሮጌ ቤት አገኘን። ጠዋት ጉሙ ከተራራው ላይ ሲነሳ ደብረ ሲና ያለሁ ይመስለኛል። ቤቱን ከመግዛታችን በፊት ስለ ጉድጓድ ውሃው ጠይቀናል፣ ስለ ጣሪያው ጠይቀናል። ስለ ኢንተርኔት ስንጠይቅ "አለ" ተባልን፤ እኛም አመንን።

ገብተን ስናየው የስልክ መስመሩ ኢንተርኔት አይችልም። የኬብሉ ዝርጋታ ዋናው መንገድ ላይ ያበቃል፣ ከእኛ በር ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሞባይል ኔትወርክ የምናገኘው ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ስንወጣ ብቻ ነው። የቀረን የሳተላይት ኢንተርኔት ነበር።

የመጀመሪያው ዲሽ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የድሮው ዓይነት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀመጣል። ምድር በምትዞርበት ልክ አብሯት ስለሚዞር፣ ከታች ላለ ሰው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ዲሹን አንዴ አነጣጥሮ ማሰር ነው። የአገራችን የቴሌቪዥን ዲሽም የሚሰራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰዉ ሁሉ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲያዞር የነበረውን አስታውሱ። ልጁ ጣሪያ ላይ ሆኖ "መጣ?" ይላል። ከሳሎን "ገና!" ይባላል። "አሁንስ?" "ትንሽ መልሰው!" የእኛም እንደዛው ነበር። ከፊት ያሉ ሁለት ትንንሽ ዛፎችን ቆርጠን መንገዱን ጠረግን።

ለቴሌቪዥን ያ ሁሉ ርቀት ምንም አይደለም። ለሚነጋገር ሰው ግን ከባድ ነው። ድምፄ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ 36 ሺህ ይወርዳል፤ መልሱም እንዲሁ። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንኳን ይሄ ምልልስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሌላው መዘግየት ሲደመርበት ከ600 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል።

ግማሽ ሰከንድ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ሐኪሙ ጠየቀ። እኔ ተረጎምኩ። ታካሚዋ መለሰች። መልሷን መተርጎም ስጀምር፣ ድምፄ ያልደረሰው ሐኪም ዝም ያልኩ መስሎት ጥያቄውን ደገመ። እሱን ስሰማ አቆምኩ። እሱም የኔን ሰምቶ አቆመ። ሦስታችንም ዝም አልን። ከዛ ሦስታችንም አንድ ላይ ጀመርን። የሚወራው ስለ መድኃኒት መጠን ነው። "በቀን አንድ" እና "በቀን ሁለት" መሀል አንድ ቃል ከተዋጠ የሚጎዳው ሰው ነው። ያን ቀን ከጥሪው ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ በኋላ በድምፅ ብቻ የሚሰራውን በቤቱ የሽቦ ስልክ ሰራሁ። ቪዲዮ ሲሆን ኩልፔፐር ከተማ ድረስ እየነዳሁ፣ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ ሰራሁ።

ሌላው ጣጣ የወር ኮታው ነው። 50 ጊጋ ነበረን። በማርች 2020 ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለቱ ልጆች ትምህርታቸውን በቪዲዮ ሲጀምሩ፣ ወሩ ሳይጋመስ ኮታው አለቀ። ከዛ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ ግን ይንቀራፈፋል። ያኔ የተማርነው ዛሬም ይጠቅመናል። የስልኮቹንና የኮምፒውተሮቹን አውቶማቲክ ማሻሻያ አጠፋን። የቪዲዮ ጥራቱን ወደ 480 አወረድን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ለብቻው የተመደበ ኮታ ስለነበር፣ ከባዱን ነገር ሁሉ እኛ ስንተኛ እንዲወርድ አደረግን። ኮታ ያለው አገልግሎት ለምትይዙ ሰዎች የምመክረው፣ መጀመሪያ ራውተሩ ላይ የትኛው ዕቃ ስንት እንደሚበላ እዩ። እኛ ቤት ትልቁ በላተኛ ማንም የማያየው፣ ግን ተከፍቶ የሚውል ቴሌቪዥን ሆኖ ተገኘ።

አንድ ግር ያለኝን ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ማርች መጀመሪያና በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ለደቂቃዎች ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለካስ በዚያ ወቅት ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ትገባለች። የራሷ የሬዲዮ ጨረር የሳተላይቱን ሲግናል ይውጠዋል። መሣሪያ አልተበላሸም፤ ጠብቆ ማሳለፍ ነው። ካወቅኩ በኋላ በዚያ ሰዓት ቀጠሮ አልይዝም ነበር።

በፌብሩዋሪ 2021 ስታርሊንክ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሳተላይት ኢንተርኔት ቅድመ ምዝገባ ሲከፍት 99 ዶላር አስይዘን ተመዘገብን። የእሱ ሳተላይቶች የሚዞሩት 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ቅርብ ስለሆኑ ምልልሱ ያጥራል። ግን አንድ ቦታ አይቆሙም፤ በ95 ደቂቃ ገደማ ምድርን ዞረው ይጨርሳሉ። ስለዚህ ዲሹ አንዱን ለቆ ሌላውን እየያዘ ይኖራል። ዕቃው ኖቬምበር ላይ ደረሰን። ያኔ ዋጋው 499 ዶላር፣ ወርሃዊው 99 ዶላር ነበር።

ባለቤቴ ጣሪያ ላይ ሰቀለው፣ እኔ ከታች ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ዲሹ ራሱ ተነሳ። ትንሽ አሰበና ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ደነገጥን። የቆረጥናቸው ዛፎች በደቡብ በኩል ነበሩ። በሰሜን ያለው የመቶ ዓመት የኦክ ዛፍ ነው። ቢሆንም ቅጠሉ ረግፎ ቅርንጫፉ ብቻ የቀረበት ወቅት ስለነበር፣ በስልኩ መተግበሪያ ሰማዩን ስንቃኝ "ጥሩ ነው" አለን።

መጀመሪያ የደወልኩት ደብረ ብርሃን፣ ለእናቴ ነው። ጥቂት እንዳወራን ቆም አለች። "ልጄ፣ ዛሬ ቶሎ ቶሎ ትመልሽልኛለሽ። ዲሲ ተመልሰሽ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠበቀች፣ እያቋረጠች ስታወራኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድም ቀን አማርራ አታውቅም።

ጃንዋሪ 3፣ 2022 ከባድ በረዶ ወረደ። ዛፎች በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወደቁ፤ አይ 95 መንገድ ላይ ሰዎች ከ24 ሰዓት በላይ መኪናቸው ውስጥ የታገቱበት ያ ቀን ነው። የእኛ መብራት ጠፋ፣ እስከ ገናም አልመጣም። ሳተላይቱ በሰማይ አለ፣ ዲሹ በጣሪያ ላይ አለ፤ የሚያበራው ኃይል ግን የለም። በመጨረሻ የመኪናውን ባትሪ ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ሽቦ ጎትተን በቀን አንድ ሰዓት አበራነው። ዲሹ ከ50 እስከ 75 ዋት ይፈልጋል። በረዶ ማቅለጫው ሲበራ ግን በጣም ይጨምራል፤ እሱን ከመተግበሪያው አጠፋሁትና ባለቤቴ በመጥረጊያ ጠረገው። በገና ዋዜማ በዚያች አንድ ሰዓት እናቴን "እንኳን አደረሰሽ" አልኳት። በማግስቱ ሳምንት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አዘዝን። ዲሹንና ራውተሩን ከአሥር ሰዓት በላይ ይይዛል። አሁን ማንም ሰው ሲጠይቀኝ፣ የዲሹን ዋጋ ስታስቡ የባትሪውን አብራችሁ አስቡ እላለሁ።

ኤፕሪል ላይ ቅጠል መጣ። ኢንተርኔቱም መቆራረጥ ጀመረ። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ለፊልም አይታወቅም፤ ለእኔ ግን ያው የታካሚዋ ቃል ነው የሚጠፋው። መተግበሪያው ላይ ኦኩ ያለበት አቅጣጫ ቀይ ሆነ። ባለቤቴ "እንቁረጠው" አለ። እኔ አልፈቀድኩም። ያንን ዛፍ አንዴ ከተቆረጠ መልሼ ላቆመው አልችልም፤ ዲሹን ግን ላንቀሳቅስ እችላለሁ።

ስልኬን ይዤ ግጦሹን በሙሉ ዞርኩ፤ በየአሥር እርምጃው ቆሜ ሰማዩን ቃኘሁ። ክፍት ቦታ የተገኘው ፍየሎቹ መሀል ነው። ብረት ምሰሶ በኮንክሪት ተከልን፣ 45 ሜትር የሚሆን ኬብል ገዛን፣ ለጊዜው በሣሩ ላይ ዘረጋነው። "ቅዳሜ እንቀብረዋለን" ተባባልን። ሐሙስ ጠዋት፣ በስራ ላይ እያለሁ፣ ጠፋ። ስወጣ ጥቁሯ ፍየል ኬብሉን በመንጋጋዋ እያመነዠከች አገኘኋት። ያ ኬብል ቆርጠህ የምትቀጥለው ዓይነት አይደለም፣ ጫፉ የራሱ ሶኬት አለው። አዲስ ገዛን። አዲሱን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን ክንድ ያህል ጥልቀት ቀበርነው። ምሰሶውንም በሽቦ አጥር ከበብነው፤ ፍየል መታከኪያ ካገኘች አትለቅም። ለመብረቅ ደግሞ ምሰሶውን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አስቀበርን። ይህንን የሰራልን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ በዚህ ላይ ራሳችሁ አትሞክሩ።

እዚህ በሙቀቱ ወራት ነጎድጓድ ያለው ዶፍ ሲወርድ አሁንም ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ የሽቦ ስልኩን አላቋረጥኩም። ጥሪው ከተቆረጠ በሽቦው መልሼ እገባለሁ። የሽቦ ስልክ ሌላም ጥቅም አለው፣ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ስትደውሉ ቤታችሁ የት እንደሆነ ያሳያል። ሞባይላችሁን በዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ስልኩ ውስጥ የተመዘገበውን የአደጋ ጊዜ አድራሻ ዛሬውኑ እዩት። የእኔ ለሁለት ዓመት አሌክሳንድሪያ ያለውን የድሮ አፓርታማችንን ይዞ ነበር። አንድ ነገር ቢደርስብን አምቡላንሱ የሚሄደው እዚያ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

አገር ቤት ያለው ወንድሜ "አንድ ዲሽ ላኪልኝ" ይለኛል። አገልግሎቱ በየአገሩ ፈቃድ የሚሰራ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤ ኬንያ ውስጥ በ2023 የተጀመረው ፈቃድ ተሰጥቶት ነው። ዕቃ መላክ ብቻውን አይበቃም።

ባለፈው ሳምንት ከታች ያለው ጎረቤታችን መጣ። ሽማግሌ ገበሬ ነው፣ ባለቤቱ ከሐኪሟ ጋር በቪዲዮ መገናኘት አለባት። ስልኬን ይዤ ግቢውን አብሬው ዞርኩ። ከጎተራው አጠገብ ያለው ቦታ ሰማዩ ወለል ያለ ነበር፣ መተግበሪያውም አረንጓዴ አሳየ። እሱ ምሰሶ ሊተክል ቸኩሏል። በሰሜን በኩል ያሉትን ሦስት ባዶ ዛፎች አሳየሁትና፣ ለጊዜው መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ኮንክሪት አታፍስ፣ ሜይ ላይ ቅጠሉ ሲሞላ መጥቼ አብረን እንቃኘዋለን አልኩት።