ያውቅ የለ፣ ታዲያ ለምን እንለምነዋለን?

ስለ እምነቴ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። የሥራ ባልደረባዬ ይጠይቀኛል፣ የእህቴ ልጅ ትጠይቀኛለች፣ እምነቱ ከእኔ የተለየ ወዳጄም ይጠይቀኛል። ደስ ይለኛል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ፣ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው እስከዚህ ነው። እሱ ግን አስከትሎ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል። ይህችን ቁራጭ አጥብቄ እወዳታለሁ። ክርክር የሚመስል ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሐዘን አለ።

አንዳንዱ ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። ክርስቲያኖች ለምን እሑድ ይሰበሰባሉ? ክርስቶስ ከሙታን የተነሣው በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው የጀመረው የሚሉ አሉ። እሱ እ.ኤ.አ. በ321 እሑድን የዕረፍት ቀን ብሎ አወጀ እንጂ ስብሰባውን አልጀመረውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ምእመናን በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንጀራ ሊቆርሱ ተሰብስበው እናገኛቸዋለን። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ዮስጢኖስ ሰማዕትም የእሑድን ጉባኤ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ፋሲካ ለምን ቀኑ ይቀያየራል? ከጨረቃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቀሙበት አቆጣጠርም አንድ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት አብረን እናከብራለን፣ አንዳንድ ዓመት በሳምንታት እንራራቃለን።

የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ግን እንዲህ ቶሎ አያልቅም። «አጎቴ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ያውቅ የለ? ታዲያ ለምን እንለምነዋለን?»

ጌታችን ራሱ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 8 ላይ አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ይላል። ከዚያ በሚቀጥለው ቁጥር እንዲህ ጸልዩ ብሎ «አባታችን ሆይ»ን ያስተምራቸዋል። ያውቃልና ተዉት አላለም። ያውቃልና ቃል አታብዙ ነው ያለው። ጸሎቱንም ልብ ብላችሁ እዩት። የዕለት እንጀራ የሚለመነው ስሙ እንዲቀደስ፣ መንግሥቱ እንድትመጣ፣ ፈቃዱ እንዲሆን ከተባለ በኋላ ነው። እንዲህ ስጸልይ ለእግዚአብሔር የማያውቀውን ወሬ እየነገርኩት አይደለም። እሱ ፊት ቆሜ እየተስተካከልኩ ነው። የምፈልገው ነገር ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ለልጅቷ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ባይሰጠንስ?» አለች።

እዚህ ላይ ነው የምዘገየው። አንድ የማውቀው ሰው እናቱ ታመው ቀን ከሌት ጸለየ። እናቱ አረፉ። ለቅሶ ላይ አንዱ መጥቶ «እምነትህ ስላነሰ ይሆናል» አለው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ መልስ ጭካኔ ነው። በዚያ ላይ መጽሐፍ ቅዱስም አይደግፈውም። ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋዋ አላለፈችም። እምነት አንሶት ነው የሚል ማን አለ? ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። መውጊያው ሄደ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87ን) ለሐዘንተኛ ሰው አንብቤ አውቃለሁ። ብዙ የልቅሶ መዝሙራት መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይኸኛው አይዞርም። በጨለማ ይጀምራል ማለት ይቻላል፣ በጨለማም ያልቃል። ሆኖም ከጸሎት መጽሐፉ ውስጥ አላወጡትም። ይህ ያጽናናኛል። እንዲህ ተሰብሮ የሚጸልይ ሰውም ከምእመናን አንዱ ነው ማለት ነው።

የኢዮብንም ወዳጆች አስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያ መልካም ነበር። ነገሩ የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው የጮኸውንና የሞገተውን ኢዮብን ሳይሆን እነዚያን መልስ የሞላላቸውን ወዳጆቹን ነው። ስለዚህ «ለምን እናቴ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ለማስረዳት አልቸኩልም። አላውቅም እለዋለሁ። አብሬው እቀመጣለሁ።

«ብጠራጠር ኃጢአት ነው?» የሚሉኝም አሉ። መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ፣ ይመጣል የተባለው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብሎ ወደ ኢየሱስ ላከ። ያውም በዮርዳኖስ ያጠመቀው እሱ ራሱ! ኢየሱስ አልገሠጸውም። መልስ ላከለት፣ መልእክተኞቹ ሲሄዱም በሕዝቡ ፊት አመሰገነው። በማርቆስ ምዕራፍ 9 ያለው አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው። ልጁ ተፈወሰለት። እኔ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ጸሎት አላውቅም።

ሰሞኑን የመጣልኝ ጥያቄ ደግሞ የይቅርታ ነው። አንዲት እህት ክፉኛ የበደላትን ሰው ይቅር ማለት አለብኝ ወይ አለችኝ። አዎ፣ አለብሽ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለዚህ ነው። ግን ይቅር ካልሽ እንደ ድሮው ማመን አለብሽ የሚሏት ሰዎች ከየት እንዳመጡት አይገባኝም። ይቅርታና መተማመን ለየቅል ናቸው። ወንድሞቹ ሸጠውት በኋላ በግብፅ ሹም የሆነውን የዮሴፍን ታሪክ አብረን አነበብን። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ፊቱ ሲቆሙ ወዲያው አወቃቸው፤ እነሱ አላወቁትም። ገና ያኔ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ልቡ ወደ እነሱ ነው። ማንነቱን ግን አልነገራቸውም። ስምዖንን አስቀረ፣ ታናሽ ወንድሙን ብንያምን አምጡ አለ፣ ጽዋውን በብንያም የእህል ከረጢት ውስጥ አስደበቀ። የተለወጡ እንደሆነ ሊያይ ነው። በመጨረሻ ይሁዳ ቀረበ። እንሽጠው ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ያው ይሁዳ ነው። አሁን ግን በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። ዮሴፍ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ያላቸው ከዚህ በኋላ ነው።