ነጭ ቀሚስ በግራጫ ግድግዳ ፊት፦ ከደሴ ስቱዲዮ ሥራዬ የተማርኩት

ደሴ ውስጥ የልብስ ፎቶግራፍ ማንሳት ስጀምር ከካሜራውና ከመብራቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ጉዳይ ከሞዴሏ ጀርባ የሚኖረው ቀለም ነበር። ደንበኞቼ በአብዛኛው የሀበሻ ቀሚስ አሠርተው በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ የሚያመጡልኝም ልብስ ነጭ ሸማ ሆኖ ጥለቱ በደማቅ ክር የተሠራ ነው። ልብሱን የሚለብሱት ሞዴሎች ደግሞ ጠይም መልክና ጥቁር ፀጉር አላቸው። ነጭ ባክግራውንድ ስጠቀም ነጠላው ከጀርባው ጋር ተዋሕዶ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ይጠፋል፤ ጥቁር ስጠቀም ደግሞ ቀሚሱ ጎልቶ ይወጣና ሹሩባው፣ ይህን ያህል ሰዓት የተደከመበት ሹሩባ፣ በጨለማው ይዋጣል። ግራጫ በሁለቱ መካከል የሚገኝ በመሆኑ ከነጩም ከጥቁሩም በበቂ ሁኔታ ይለያል። ፎቶግራፈሮች መካከለኛ ግራጫ የምንለው ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ያህል የሚመልሰውን ነው፤ ነጭ ጥጥ አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁር ፀጉር ደግሞ ጥቂቱን ብቻ።

አንዲት ልብስ የሚሰፉ እናት የመጀመሪያ ሥራቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ግድግዳውን አይተው «ልጄ፣ አመድ በመሰለ ነገር ፊት ልታቆማት ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ግራጫ ብርሃን ሳይደረግበት በዓይን ሲታይ ሕይወት የሌለው ቀለም ነው። ነገር ግን በፎቶው ላይ የሚወጣው ግድግዳው የተቀባው ግራጫ ሳይሆን እኔ በብርሃን የምሠራው ግራጫ መሆኑን ለማሳየት ሁለት ፎቶ በቂያቸው ሆነ።

ለስቱዲዮ የሚሠራው ጥቅል ወረቀት በተለመደው መጠኑ 2.72 ሜትር ስፋትና 11 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ጫማ ባረፈበት ቁጥር የተበላሸው ተቆርጦ የሚጣል በመሆኑ ወጪው አይቆምም። እኔ የመረጥኩት ግድግዳውን ራሱን መቀባት ነው። በግድግዳውና በወለሉ መካከል ያለው ማዕዘን በፎቶ ላይ መስመር ሆኖ እንዳይታይ አናጺ አስጠርቼ ስስ ኮምፔንሳቶ በጎባጣው አስገጠምኩ፣ መጋጠሚያውንም በስቱኮ አስደፈንኩ። ቀለሙ የማያብረቀርቅ የፕላስቲክ ቀለም መሆን አለበት፤ የዘይት ቀለም የመብራቱን ምስል እንደ መስታወት ስለሚመልስ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ነጭና ጥቁር ቀለም ብቻ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ግራጫ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ስለዚህ ጥቂት ቡናማና ቢጫ እየጨመርኩ፣ እያንዳንዱን ሙከራ ደርቆ ካየሁት በኋላ ፎቶ እያነሳሁ፣ በሂስቶግራሙ (የፎቶውን ብርሃን ከግራ ጨለማ እስከ ቀኝ ብሩህ በሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ከፍታዎች እስኪገጣጠሙ ድረስ አስተካከልኩት። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩን ስለሚቀይር እርጥቡን አይቶ መወሰን አይቻልም። ድምቀቱን በተመለከተ ከመካከለኛው ግራጫ በጥቂቱ የጠቆረውን መረጥኩ፤ ምክንያቱም በጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ብርሃን መጨመር ቀላል ሲሆን ከግድግዳ ላይ ብርሃን መከልከል ግን ከባድ ነው።

ግራጫን የሚያዝዘው ርቀት ነው። የብርሃን ጥንካሬ ከምንጩ በራቀ ቁጥር በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል፤ ዋናው መብራት ከሞዴሏ 1.5 ሜትር፣ ሞዴሏም ከግድግዳው 1.5 ሜትር ቢርቁ፣ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ብርሃን እሷ ላይ ከሚያርፈው አንድ አራተኛው፣ ማለትም በሁለት ስቶፕ ያነሰ ይሆናል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት እርከን ነው)። ሞዴሏንና መብራቱን አንድ ላይ ወደ ፊት አምጥቼ ከግድግዳው ያላትን ርቀት 3 ሜትር ሳደርገው ብርሃኑ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርድና ያው ግድግዳ ጥቁር ለመባል ጥቂት ይቀረዋል። በተቃራኒው ግድግዳውን ለብቻው በሚያበራ ፍላሽ፣ ሞዴሏ ከምታገኘው በሁለት ተኩል ስቶፕ ያህል ከፍ ባደርገው መካከለኛ ግራጫ የነበረው ነጭ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ ቀብቶ ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን ሁሉ ማግኘት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የክፍል ርዝመት ነው። ክፍል የሚከራይ ባለሙያ ቢጠይቀኝ ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱን እንዲለካ እመክረዋለሁ።

ለሀበሻ ቀሚስ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ እንዲሆን አለማድረጌ ነው። አንዲት ትንሽ ፍላሽ ከሞዴሏ ጀርባ ተደብቃ በሞዴሏ ጭንቅላት ከፍታ ያለውን የግድግዳ ክፍል ብቻ እንድታበራ አደርጋለሁ፤ ብርሃኑ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ይደክማል። በዚህ አቀማመጥ ጥቁሩ ፀጉር ከነጣ ግራጫ ጋር፣ ነጩ ቀሚስ ደግሞ ከጠቆረ ግራጫ ጋር ይገናኛል፤ ሹሩባውም የቀሚሱ ዘርፍም በአንድ ፎቶ ውስጥ ተለይተው ይታያሉ። ፍላሿ ከፍ ካለች ግን ብርሃኑ ከጭንቅላቷ በላይ ቀርቶ እንደ ሥዕለ ቅዱሳን አክሊል የመሰለ ክብ ይሠራል፤ አንዳንድ ደንበኞች ይወዱታል፣ እኔ አልወደውም። ዋናውን መብራት በሶፍትቦክስ (ብርሃኑን በሚያለሰልስ ባለ ጨርቅ ሳጥን) አድርጌ ወደ ጎን አወጣዋለሁ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የፈትሉን ውፍረትና የጥለቱን ከፍታ ያጠፋዋልና። የካሜራው የብርሃን ትብነት በአይኤስኦ 100፣ የመዝጊያው ፍጥነት በ1/125 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ በኤፍ 8 ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የማስተካክለው የፍላሾቹን ኃይል ብቻ ነው፣ መለኪያዬም የቀሚሱ ነጭ ክር በሂስቶግራሙ ቀኝ ዳር ተጨፍልቆ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ ነው።

ለበዓል ሰሞን፣ በተለይ ለሁለቱ ኢዶችና ለመስከረም፣ ደንበኞች ቀለም ያለው ጀርባ ይፈልጋሉ። ፍላሹ ላይ ባለቀለም ፕላስቲክ ሲደረግ ነጭ ግድግዳ ቀለሙን ያፈዝዘዋል፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ግን ጥልቅ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ቅድመ ሁኔታው የዋናው መብራት ብርሃን ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ መከልከል ነው። ግራጫ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ቀለምንም እንዲሁ ያለ ምርጫ ስለሚቀበል፣ በክፍሉ ጎኖች ያሉትን አረንጓዴ ግድግዳዎች በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ግድ ሆኖብኛል።

የስቱዲዮ መማሪያዎች ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም ብለው ደጋግመው የሚያወድሱት የሰሜን መስኮት ብርሃን ለእኛ አገር እንደተጻፈ አይሠራም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ በሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ ሊገባ ይችላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ብርሃኑን በየደቂቃው ይቀያይረዋል፣ ግራጫውም በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። ለአንድ ነጋዴ ሃያ ቀሚስ በተመሳሳይ ጀርባ ማቅረብ ሲኖርብኝ መስኮቱን ዘግቼ በፍላሽ ብቻ እሠራለሁ፤ ፍላሾቹም በባትሪ የሚሠሩ በመሆናቸው የመብራት መጥፋት ሥራ አያስፈታኝም።

ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ ስወርድ ግድግዳውን ይዤ መሄድ ስለማልችል አቡጀዲ ቀብቼ አዘጋጅቻለሁ። ይህኛው ሆን ተብሎ ወጥ ያልሆነ፣ በስፖንጅ እየተነካካ ደመና የመሰለ ግራጫ ነው። አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ኧርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ውስጥ ያገኘውን አሮጌ የቲያትር መጋረጃ ለፋሽን ፎቶግራፎቹ ጀርባ አድርጎ ለረጅም ዓመታት ተጠቅሞበታል፤ የዚያ መጋረጃ ውበት አለመስተካከሉ ነው። ወጥ ያልሆነ ቀለም የጨርቁን መጨማደድ ስለሚደብቅም ለመንገድ ሥራ ይመቻል። ይሁን እንጂ ጨርቁን ማጠፍ አይገባም፤ እጥፋቱ ቀለሙን ሰንጥቆ መስመር ያወጣል። ስለዚህ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጠቅልዬ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነዋለሁ፣ ረዳቱም ሁልጊዜ የውሃ ቧንቧ ይመስለዋል።

በኮምፒውተር ላይ የሚገጥመኝ ችግር በግራጫው ውስጥ ያለው ቀስ በቀስ የሚጠቁር ሽግግር በጄፔግ (በተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ሲቀመጥ ደረጃ ደረጃ እየሠራ መታየቱ ነው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስቼ፣ ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው በ16 ቢት አርሜ፣ በመጨረሻ ግራጫው ላይ በዓይን የማይታወቅ ትንሽ ግሬይን (ደቃቅ ነጠብጣብ) እጨምራለሁ፤ ይህም ደረጃዎቹን ይበትናቸዋል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚያሳንሰውና ስለሚያጨቀው፣ ለደንበኞቼ የምልከው በፋይል መልክ ነው። ቻናላቸው ላይ ሲለጥፉት መጨመቁ ስለማይቀር ግን ግሬይኑን አልተወውም።

ከግድግዳው ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው ወለሉ ነው፤ ተረከዙ ሹል የሆነ ጫማ በአንድ ቀን ሥራ ይፈትገዋል። ሞዴሎቹ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ በካልሲ እንዲቆሙ አደርጋለሁ፣ ጫማውንም ሶሉን ጠርገን እዚያው እናለብሳለን። ከመጀመሪያው ቅልቅል የተረፈውን ቀለም አየር በማያስገባ ባልዲ አሽጌ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ልክ በክዳኑ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ በአዲስ ቅልቅል የተለቀለቀ ወለል በዓይን ቢመሳሰልም ፍላሽ ሲበራበት እንደ ተጣፈ ጨርቅ ይለያል፣ ያንን በኮምፒውተር ማጥፋት ደግሞ ወለሉን እንደገና ሙሉ በሙሉ ከመቀባት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።