የጌም ስክሪን ላይ ጥናት ስሠራ ማንም ያልነገረኝ

ቪዲዮ ጌም ላይ የማስተርስ ጥናት ለመሥራት ካሰባችሁ ይሄን አንብቡ። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የመረጥኩት ሲቪላይዜሽን 6ን ነው፤ አንድን ሥልጣኔ ከጥንት እስከ ዘመናችን እየመራችሁ የምትገነቡበት የስትራቴጂ ጌም ነው። ጌሙ የወጣው በፈረንጅ 2016 ሲሆን ኢትዮጵያ የገባችው በ2020 ነው፤ መሪዋም ዳግማዊ ምኒልክ። እኔን የያዘኝ ግን ስክሪኑ ነው። ቁልፎቹ፣ ምልክቶቹ፣ ካርታው፣ ጥግ ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች። ጌሙ ስለ ታሪክ ያለውን አቋም እዚያ ነው የደበቀው።

መግዛትና መጫን ቀላል ነው። ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በዝግታ ተጫወቱ፣ የስክሪኑን ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ።

ለምሳሌ የጎሳ መንደር የሚባለውን እዩ። ካርታው ላይ ጥቂት ጎጆዎች አሉ። አሳሻችሁን ታስገባላችሁ። ወርቅ ወይም ሌላ ሽልማት አገኛችሁ የሚል መልእክት ብቅ ይላል። መንደሩ ጠፋ። ሰዎቹ የት ገቡ? ብሎ የሚጠይቅ ቁልፍ የለም። ባርባሪያን የተባሉትም፣ ማለትም የየትኛውም ሥልጣኔ ያልሆኑት ጠላቶች፣ ያው ናቸው፤ በ2021 አዲስ የአጨዋወት አማራጭ እስኪጨመር ድረስ መደራደሪያ አልነበራቸውም፣ መግደል ብቻ። የዘመኖቹ አከፋፈልም ጥንታዊ፣ መካከለኛ፣ ሬኔሳንስ፣ ኢንዱስትሪ እያለ ይሄዳል። የአውሮፓ ታሪክ መጽሐፍ ማውጫ በሉት። አክሱምንም ይዛችሁ በዚያው በር ነው የምታልፉት።

አሁን ወዳቃጠለኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ ፕሮፖዛሉ።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «መጠይቅህ የታለ?» ነበር። ናሙናው ስንት ሰው ነው? ተጫዋቾች ቁልፎቹን በቀላሉ ያገኛሉ ወይ ብለህ ጠይቅ አሉኝ። እኔ ቁልፉ ይመቻል አይመችም መች አልኩ! ቁልፉ ምን እያለ ነው ነው ያልኩት። ደጋግሜ አስረዳሁ። ጭራሽ አንዱ ስልኩን እየነካካ ነበር።

ዋናው ጦርነት ግን የተነሳው በአንድ ካርድ ነው። በጌሙ የኢትዮጵያ ልዩ ጦር የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ካርዱን ስትከፍቱ ሥዕል፣ የጉልበት ቁጥር፣ ኮረብታ ላይ ሳይዘገይ እንደሚሄድ የሚገልጽ መስመር ታገኛላችሁ። በቃ። የተመደበውም መካከለኛው ዘመን ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የነገሡት ከ1889 እስከ 1913 ነው፣ ይሄም በፈረንጅ። ገዳ የለም፣ የጦር መሪው አባ ዱላ የለም። ምኒልክ ራሳቸው አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስም መሆኑ እንኳ ካርዱ ላይ አልተጠቀሰም። አንድ ሕዝብ ከተማ ውስጥ የሚመረት ዕቃ ሆኖ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል፣ ዋጋውም አጠገቡ ተጽፏል። ይሄን ጻፍኩ።

«ፖለቲካ አታስገባ፣ አውጣው» ተባልኩ። እኔ አስገባሁት እንዴ? ምኒልክን አሞግሰሃል የሚል አንድ፣ ሰድበሃል የሚል ሌላ፣ በዚያው ስብሰባ! አንዳቸውም ካርዱን ከፍተው አላዩትም። ላፕቶፑን አዙሬ ላሳያቸው ስል ሰዓት አልቋል ተባለ። ከዚያ እየተመላለስኩ ፊርማ ስለምን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ባከነ።

በመጨረሻ የረዳኝ የካናዳ ጉዳይ ነው። በፈረንጅ 2018 ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ የቀድሞ መሪ ፓውንድሜከር ጌሙ ውስጥ ሲገባ፣ ከዚያው ማኅበረሰብ መሪዎች አንዱ ሚልተን ቱቱሲስ በይፋ ተቃውመዋል። የሌላውን መሬት መውረር የእኛም እሴት አስመሰሉት ነው ነገሩ። ይሄን ሳቀርብ ተለሳለሱ። ከውጭ አገር ሲመጣ ፖለቲካ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። የፈረሰኛው ክፍል ግን ወደ አባሪ ተገፋ። እስካሁን ያናድደኛል፤ ከጥናቱ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ፦ የዲፓርትመንቱ መመሪያ «ከመጠይቅ ጀምሩ» ቢልም አትስሙት። መጀመሪያ ፎቶዎቹን አትማችሁ ግቡ፣ በወረቀት፣ በትልቁ። ሳያዩ እንዲያወሩ አትፍቀዱላቸው። መጠይቅ ካላመጣህ ሞተን እንገኛለን ካሉ አንድ ገጽ አዘጋጁና ተገላገሉ። አማካሪ ስትመርጡም ማዕረጉን ተዉት፣ አብሯችሁ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ፈልጉ።

በ2025 የወጣው ሲቪላይዜሽን 7 ደግሞ ባርባሪያን የሚለውን አስቀርቶ ገለልተኛ ኃይሎች አድርጓቸዋል፤ ወዳጅ ማድረግም ይቻላል። ወዳጅነቱ የሚገዛው ግን አሁንም ነጥብ በመክፈል ነው። እኔ ከኮሚቴ ጋር ድጋሚ አልገባም፣ ሌላ ሰው ይሥራው።