ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ41

መጋቢት 1 ቀን 2011፣ እሁድ። ሰኞ የሚጀመር ስልጠና ነበረኝና ከቃሊቲ ሐዋሳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፈጣን መንገዱ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በግራ በኩል የረር ተራራ አማረኝና በስልኬ አንዴ አነሳሁት።

ዝዋይ ስንደርስ ቁርስ ልንበላ ወረድን። ዐቢይ ጾም ስለሆነ የተለመደው ክርክር ተነሳ። ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም? ሹፌሩ ክርክሩ ሳያልቅ ጥብሱን አዟል። አጠገቤ የነበሩት እናት ሽሯቸውን እየጠበቁ "አንተ ልጅ፣ ለነፍስህ እወቅበት" ይሉታል። ረዳቱ ከስልኩ ቀና አለ።

"አውሮፕላን ወድቋል እያሉ ነው። የኛ።"

የማን ብሎ የጠየቀ የለም። የፌስቡክ ወሬ ነው አልን። ብዙም ሳይቆይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫ መጣ። ወደ ናይሮቢ የሚበረው ኢቲ 302 ነው።

የእናትየዋ የእህት ልጅ ሆስተስ ናት። እጃቸው ተንቀጥቅጦ መደወል ሲያቅታቸው ስልኩን ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ መስመሩ ተጨናንቋል። በአራተኛው አነሳች። ቤቷ ተኝታ ነበር።

"ተመስገን!" አልን ሁላችንም፣ ከማዶ ጠረጴዛ ያሉት ሳይቀሩ። ከዚያ ዝም። እሷ ካልሆነች ሌላ ሰው ናታ። ዓሣው እዚያው ቀዘቀዘ።

ሐዋሳ እስክንገባ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚያወራው። 157 ሰው። 32ቱ ኬንያውያን። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው ገና 29 ዓመቱ። ሰኞ የሐዘን ቀን ሆነ፤ ስልጠናችንም በህሊና ጸሎት ተጀመረ።

ሐሙስ ስመለስ እጀሬ አካባቢ አውሮፕላኑ ወደወደቀበት ቦታ ጎራ አልኩ። ያን የሚያህል አውሮፕላን ያን ያህል ትንሽ ነገር ይተዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ጥቁር የእርሻ አፈር፣ ጉድጓድ፣ ቁፋሮ። የሰፈሩ እናቶች ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። አንዷ በኦሮምኛ የሚሉትን አንድ ወጣት ተረጎመልኝ፦ "የማን ልጆች እንደሆኑ አናውቅም፤ እኛ ደጅ ነው የሞቱት።" በዚያው ሳምንት እሁድ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ 17 ባዶ ሣጥን ተቀበረ።

የአውሮፕላኑን አፍንጫ በግድ ወደ ታች ስለሚደፋው ሶፍትዌር አገር ያወቀው ኋላ ነው። ከዚያ አደጋ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዢያ ላይም ተመሳሳይ አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር። ይህ እያለ አብራሪዎቻችንን ለመውቀስ የቸኮሉት ሰዎች ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አውሮፕላኑ የተነሳው 2 ሰዓት ከ38 ላይ ነው። የወደቀው 2 ሰዓት ከ44። የየረር ፎቶዬ ላይ ያለው ሰዓት 2፡41 ይላል። ስልክ ስቀይር ሁሌ አዛውረዋለሁ። አልፎ አልፎ እየለጠጥኩ ሰማዩን አየዋለሁ። ተራራው አለ፣ የሚኒባሱ መስኮት ላይ ያለው አቧራ አለ።