ድሬዳዋ ላይ ሐረግ ቤት ውስጥ ለምታሳድጉ፦ ውሃውን ለምሰሶው ስጡት

ድሬዳዋ ላይ ሐረግ ቤት ውስጥ ይበቅላል። ከዚህ የምጀምረው «እዚህ ሙቀት ላይማ አይሞከርም» ሲባል ስለምሰማ ነው። ግድግዳ ይዞ ጣራ የሚነካ ፖቶስ ይበቅላል፣ ቅጠሉ የተሸነታተረ ሞንስቴራም ይበቅላል። ግን ለአዲስ አበባ ሳሎን የሚሆነው ምክር እዚህ አይሠራም። ስልካችን ላይ የምናያቸው ቪዲዮዎችም አብዛኞቹ አየሩ ቀዝቀዝ ወይ እርጥብ ላለ ቤት የተሠሩ ናቸው። እነሱን ተከትሎ የገዛ ሰው ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ የደረቀ ቅጠል ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ «እኔ እጅ ላይ ተክል አይበረክትም» ብሎ ይተወዋል። አየሩን ስላላወቀው እንጂ እጁ ምንም አልሆነም።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እስቲ አስቡት፦ 35 ዲግሪ ሙቀትና 30 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ 22 ዲግሪና 60 በመቶ ከሆነ አየር ጋር ሲነጻጸር፣ ከቅጠል ላይ ውሃ የመምጠጥ ኃይሉ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ውሃው የሚወጣው በአብዛኛው ከቅጠሉ ጀርባ ባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። አየሩ ሲበረታበት ተክሉ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ውሃው ይቆጠብለታል፣ ግን ምግቡን መሥራትም ያቆማል። እናም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሐረጉ ባለበት ይቆማል። ባለቤቱ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርበታል። ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እኔ እንደማየው እዚህ ከተማ በጥማት ከሚሞተው የቤት ተክል በዚህ መንገድ የሚሞተው ይበልጣል።

ስለዚህ ሐረግ ላለው ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ውሃውን ከመትከያው ይልቅ ሐረጉ ለሚወጣበት ምሰሶ ስጡት።

ለምን መሰላችሁ? የፖቶስ አገሩ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ሞኦሬያ የምትባል ደሴት ናት። ሞንስቴራ ደግሞ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ጫካ ነው የሚገኘው። ሁለቱም ዛፍ ላይ ነው የሚወጡት። በየአንጓቸው የምታዩዋቸው አጫጭር ቡናማ ሥሮች እርጥብ የዛፍ ቅርፊት ለመጨበጥ የተሠሩ ናቸው። የሚጨብጡት ሲያገኙ ተክሉ ቅጠሉን ማስፋት ይጀምራል። ሞቃትና እርጥብ አገር ውስጥ ዛፍ ላይ የወጣ ፖቶስ ቅጠሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ያው ተክል ግን የመዳፍ ያህል ቅጠል እንደያዘ ይኖራል። ድሬ ላይ ደግሞ እነዚያ ሥሮች ወጣ እንዳሉ ጫፋቸው ይደርቃል። ደረቅ እንጨት ብትደግፉለትም አይጨብጥም። እርጥብ ምሰሶ ነው የሚፈልገው።

ሱቅ የሚሸጠው በሞስ (እርጥብ ድንጋይና ዛፍ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚበቅለው ትንሽ ተክል) የተሸፈነ ምሰሶ እዚህ ጥሩ አይደለም። ቶሎ ይደርቃል፣ አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ደግሞ ውሃ ሲፈስበት አይቀበልም። የእኛ ከተማ የቡና ንግድ ከተማ ናት፣ የቃጫ ጆንያ አይጠፋም። አሮጌ የቡና ጆንያ ፈልጉ። ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት አይሆንም፣ ውሃ አይዝም። ክንድ የሚያህል ወፍራም እንጨት ላይ ጆንያውን አራት አምስት ዙር ጠቅልላችሁ በሲባጎ እሰሩት፣ ከዚያ መትከያው ውስጥ እስከ ታች አስገብታችሁ አቁሙት። ጫፉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ገልብጣችሁ እሰሩ። ክዳኑን በመርፌ አንድ ቦታ ብቻ ብሱት፣ ቂጡን ደግሞ ቁረጡና ክፍት አድርጉት፣ በዚያ በኩል ነው ውሃ የምትሞሉት። ጠብ ጠብ እያለ ጆንያውን ከላይ ወደ ታች ያረጥበዋል። ቶሎ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ክዳኑን ቀይሩ።

ሐረጉን ስታስሩ ግንዱን እንጂ የቅጠሉን እጀታ አትሰሩ፣ አንጓው ጆንያውን ይንካ፣ ክሩም ላላ ይበል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥሮቹ ጆንያው ውስጥ ይገባሉ፣ ማሰሪያውን ፈትታችሁ መጣል ትችላላችሁ። ከምሰሶው የሚወርደው ውሃ አፈሩንም ስለሚያረጥበው ለአፈሩ ለብቻ የምትሰጡትን ቀንሱ። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰክታችሁ አውጡ፣ እርጥብ ጭቃ ይዞ ከወጣ ውሃ አትጨምሩ። የላዩ አፈር እዚህ በአንድ ቀን ስለሚደርቅ ያሳስታል። ጆንያው ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል። ያኔ አሮጌውን ሳትነኩ በላዩ አዲስ ደርቡበት፣ ሥሩን አትገንጥሉ።

ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ግን ተዉት። በዚህ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ የሚተርፈው ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። የድሬ ውሃ ኖራ አለው፣ ማንቆርቆሪያችሁን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ያው ኖራ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ሲቆይ ደግሞ ተክሉ ከአፈሩ ብረት እንዳይወስድ ያደርገዋል። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ይህንን ጠርጥሩ። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃው ሲፈላ ከኖራው ብዙው ከታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ለሻይ ስታፈሉ ትንሽ ጨምራችሁ አፍሉ፣ የተረፈው ቀዝቅዞ ሲጠል ከላይ ከላዩ ቅዱና ለተክሉ ስጡት። ክረምት ላይ ደግሞ የጣራ ውሃ በበርሜል ያዙ። ከእሱ የሚሻል የለም።

ሌላው ሮቶ ነው። ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ውሃ እጅ ያቃጥላል፣ ሥርም ያቃጥላል። ማለዳ አጠጡ፣ ካልሆነም በባልዲ ቀድታችሁ አሳድሩት።

ብርሃን ላይ ብዙ አልልም። መስኮት አጠገብ፣ ስስ መጋረጃ ጀርባ። በምዕራብ በኩል ያለ መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ቅጠል ያቃጥላል። ቬንትሌተር ቤቱ ውስጥ ይዙር እንጂ ተክሉ ላይ ቀጥ ብሎ አይንፈስ፣ አለዚያ ምሰሶው ላይ የደከማችሁበት እርጥበት ሁሉ ይበንናል። ኤሲ ካለም እንደዚሁ።

አቧራና ትንንሽ ሸረሪት መሰል ተባዮች ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። እነዚህ ተባዮች ሙቀትና ድርቀት ይወዳሉ፣ ሙቀቱ ሲመቻቸው ከእንቁላል እስከ ትልቅነት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃቸዋል። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጣ ያለ ነጥብ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ በቅጠሉና በግንዱ መሀል ስስ ድር። ድሩን ካያችሁ ዘግይቷል ማለት ነው። ቅጠሉን፣ በተለይ ጀርባውን፣ በእርጥብ ጨርቅ በየሳምንቱ ጥረጉ፤ አቧራውም ይነሳል፣ ተባዩም መኖሪያ ያጣል። ከያዘው ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ እንቁላሉ ስለሚተርፍ ሳምንት ጠብቃችሁ ድገሙት። አይቪ የሚባለውን የአውሮፓ ሐረግ እዚህ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ተባዩ አይለቀውም።

ትንሽ ልጅ ወይ ፍየል ያለበት ቤትም ይጠንቀቅ። ፖቶስ፣ ፊሎዴንድሮንና ሞንስቴራ ቅጠላቸው ውስጥ መርፌ መሳይ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። የቀመሰ ሰው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ሊያብጥም ይችላል።

የቱን ልግዛ ለሚለኝ፣ መጀመሪያ ፖቶስ። ቀጥሎ ቅጠሉ ልብ የሚመስለው ፊሎዴንድሮን። ሆያ ካገኛችሁ አትለፉት፣ ቅጠሉ ወፍራምና ሰም የተቀባ ዓይነት ስለሆነ ድርቀት ይችላል። ሞንስቴራ ምሰሶውን በየቀኑ ለሚያረጥብ ሰው ነው።

ግን እኔ ከሁሉም በላይ ድሬ ሳሎኖች ውስጥ ማየት የምፈልገው የራሳችንን ቆላ ሐረግ ነው። ሲሰስ ሮቱንዲፎሊያ ይባላል፣ የወይን ዘመድ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ ቁጥቋጦዎች ውስጥና ባሕሩን ተሻግሮ የመን ይበቅላል። ቅጠሉ ክብ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የመን ውስጥ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል። ሌላው ዘመዱ ሲሰስ ኳድራንጉላሪስ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ እሱ ቀዳዳዎቹን ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው የሚከፍተው፣ ቀን ይዘጋቸዋል። ለእኛ አየር ሲባል የተሠሩ ናቸው፣ እኛ ግን ቁጥቋጦ ብለን አልፈናቸው ከሩቅ ደሴት የመጣውን እንገዛለን። ይህ ያሳዝነኛል፣ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ቢያባዟቸው ገበያ እንደሚያገኙ ምንም አልጠራጠርም።

እነዚህ ሁለቱ እርጥብ ምሰሶ አይፈልጉም። የሚወጡት በሥር ሳይሆን እየተጠማዘዘ በሚይዝ ክር መሳይ እጃቸው ነው፣ ስለዚህ ሽቦ ወይ ሲባጎ ዘርጉላቸው። ከዱር ስትወስዱ ነቅላችሁ አትውሰዱ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ይበቃል። ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ፈሳሹ ሊያሳክክ ይችላል። ቁራጩ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ ይክረም፣ ከዚያ ግማሹ አሸዋ የሆነ አፈር ውስጥ ትከሉት፣ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ውሃ አታብዙበት። ከያዘ በኋላም አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው የምታጠጡት።