የደረጃው ምስክር የቆሙት በር ላይ ነበር

በአንድ የስርቆት መዝገብ የተከሳሹ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ የዐቃቤ ሕግ የደረጃ ምስክር፣ ማለትም ፖሊስ ሲበረብር እንዲታዘብ የተጠራ ገለልተኛ ሰው፣ ሆነው ቀረቡ። በዋና ጥያቄ ብርበራው ላይ እንደነበሩ፣ ላፕቶፕ እንደተገኘና ፊርማው የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ መጣ።

«አባቴ፣ ላፕቶፑ ከየት ሲወጣ አዩ?»

«ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

«ማን አስቀመጠው?»

«እሱን እንጃ። ስጠራ ተደርድሮ ነው የደረስኩት። በሩ ላይ እንደቆምኩ ‹ይፈርሙ› አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

ዐቃቤ ሕጓ በድጋሚ ጥያቄ ልታቃናው ሞከረች፤ ያላዩትን ከየት ያምጡት?

ሽማግሌው እውነቱን ነው የተናገሩት። የሚያስቆጨው ዘግይቶ የጠራቸው መርማሪ ነው። የደረጃ ምስክር ወንጀሉ ሲፈጸም ያየ ሰው አይደለም፤ የሚያስረዳው ዕቃው ከዚህ ቤት፣ ከዚህ ቦታ፣ በፊቱ መውጣቱን ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 የተያዘው ዕቃ ዝርዝር በተቻለ መጠን በገለልተኛ ሰው ተረጋግጦ እንዲፈረም ያዛል። ማረጋገጥ ከፊርማ ይቀድማል።

ስለዚህ ምስክሩ ብርበራው ሳይጀመር ይጠራ፤ የብርበራ ትእዛዙም በፊቱ ይነበብ። ፈታሾቹ ባዶ እጃቸውን መግባታቸውን፣ ኪሳቸውንና ቦርሳቸውን ጭምር፣ ቀድመው ያሳዩት። አንዱ ክፍል ሳያልቅ ሌላው አይጀመር፤ ሁለት ፖሊስ ሁለት ክፍል ከገባ ምስክሩ አንዱን አያይም። «አንድ ስልክ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ «ከመኝታ ክፍል፣ ከፍራሽ ሥር» ተብሎ ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ይስፈር። ብር ከሆነ በየኖቱ ተለይቶ ይቆጠር። ከመጨረሻው መስመር በታች ያለው ባዶ ቦታ በመስመር ይዘጋ፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃው ኤግዚቢት ክፍል (የተያዙ ዕቃዎች የሚቀመጡበት) ሲገባ የሚመዘገበው የመለያ ቁጥር ከዚሁ ዝርዝር ጋር መግጠም አለበት፤ አንዲት አኃዝ ብትዛነፍ ጠበቃው አያልፋትም።

ዐቃቤ ሕግም በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ሁሉንም ምስክር በጅምላ «ክሱን ያስረዳሉ» ባይል ጥሩ ነው። የደረጃ ምስክሩ ማን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ ችሎት ከመግባቱ በፊትም የት ቆሞ ምን እንዳየ ይጠየቅ። እዚያ መዝገብ ላይ ይህ ቢደረግ ኖሮ ክፍተቱ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ላፕቶፑ የግል ተበዳይዋ መሆኑ በደረሰኝ ተረጋግጧል። ከተከሳሹ ቤት መውጣቱን ግን የሚናገር አልተገኘም፤ የበረበረው ፖሊስም በምስክርነት አልተቆጠረም ነበር። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን መከላከል ሳያስፈልገው በዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 በነጻ አሰናበተው።