ቼዝ በቆርኪ፣ ሰንጠረዥ በአንኮበር

ከላምበረት የተነሳው ሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሲገባ ዝናቡ ገና አላባራም። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ዕለቱ ሐምሌ 13፣ የዓለም የቼዝ ቀን ነበር። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ በ1916 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተመሠረተው በዚሁ ዕለት ነው። በዓሉን ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ ላክብር ብዬ፣ የሚጠቀለል ሰሌዳዬን ይዤ ነበር የወጣሁት።

አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ሰሌዳውን ዘረጋሁ። ማንንም አልጋበዝኩም። ሻዬ ሳይመጣ አንዲት ተማሪ ወንበር ስባ "ጥቁሩን ልያዝ?" አለችኝ። ማታ ማታ በስልኳ ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ትጫወታለች። "ሰው ፊት ለፊት ሲገኝ ግን ይለያል" አለች። ወዲያው ተከበብን።

"ጋሼ፣ ፈረስህ ሊበላ ነው እኮ!" አለ አንዱ ሊስትሮ።

"አትንገረው!" ተቆጣች።

ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ተመልካች አንድ ቃል ቢተነፍስ ዳኛው ያስወጣዋል። ሻይ ቤት ውስጥ ግን እሱ ከሌለ ጨዋታው አይደምቅም። ለማንኛውም ፈረሴ ተበላ።

ሊስትሮው ዳማ ያውቃል። የካርቶን ክዳን ቀዶ ስምንት በስምንት አሰመረ፤ ከዚያ ቆርኪ ለቀመ። የቢራው ነጭ፣ የለስላሳው ጥቁር ሆነ። ንጉሡን በእስክሪብቶ "ን" አለው፣ ፈረሱን "ፈ"። ሻዬ ሳያልቅ ሁለተኛ ጨዋታ ጎናችን ተጀመረ። ውድ ሰሌዳ ካልገዛሁ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ይህን ልጅ ባሳየሁት!

በማግስቱ ወደ አንኮበር ሄድኩ፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ መውጣቱ ያስተነፍሳል። አናቱ ላይ ካለው ሎጅ ጥበቃው ጋር ተቀመጥንና የድሮውን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ሞከርን። አጀማመሩ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ከመጀመሪያው መብላት በኋላ በተራ ይቀጥላል። በንግሥቷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል። ፊል የሚባለው ጠጠር ደግሞ መሃል ያለውን ዘሎ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። የሚሸመደድ አከፋፈት የለም። ጥበቃው ቼዝ ነክቶ አያውቅም፤ እጁ ግን ከእጄ ይፈጥናል። እኔ አንድ ስገፋ እሱ ሦስት ይገፋል። ከዚያ ድንገት ቆም ብሎ ጣቶቼን ይጠብቃል፤ አሰላለፌን አይቶ የራሱን ይቀይራል። ይህን ማንም አላስተማረውም።

በመጨረሻ በግንብ ማት አደረግሁት፤ ንጉሡ መውጫ አጣ። በድሮው ወግ በግንብ ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙም እንደማያስከብር፣ የሚደነቀው በመደቅ፣ ማለትም በወታደር፣ እንደሆነ ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር። ካፖርቱን ሰበሰበና ጠጠሮቹን ይደረድር ጀመር።

"ይሄማ አይቆጠርም" አለኝ። "ወንድ ከሆንክ በመደቅ አሸንፈኝ።"